ጥንቸልን በቤት ማርባት፦ ከሁለት እናቶችና ከአንድ አውራ መጀመር

ጥንቸል ቶሎ እንደምትራባ የማያውቅ የለም። እርግዝናዋ 31 ቀን ገደማ ነው፤ በአንድ ወሊድ ከ4 እስከ 10፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች። ልጆቿን ስድስት ሳምንት አጥብታ እንደገና ከአውራ ብትገናኝ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ እያባዛ ሃያና ሠላሳ ጥንቸል በአንድ ጊዜ ገዝቶ የሚነሣ ሰው ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ባዶ ቤት ሊታቀፍ ይችላል። መውለዱን ጥንቸሏ ራሷ ትወጣዋለች፤ የተወለደውን በሕይወት ማቆየት የባለቤቱ ሥራ ነው። ጀማሪ የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሥጋውን ማን እንደሚበላው ይወቁ። በአገራችን ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸልን ሰኮናዋ ስላልተሰነጠቀ ከማይበሉት እንስሳት ይመድባታል፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም አይበሏትም። በእስልምና አራቱም የሱኒ መዝሃቦች ይፈቅዷታል፤ የተፈቀደ ሁሉ ግን በየቤቱ የተለመደ አይደለም። ከፕሮቴስታንት ቤተሰቦችም የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ። ስለዚህ ቤተሰብዎ የሚበላ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ለሽያጭ ካሰቡ ግን ገዢውን አስቀድመው በስም ይለዩት። ጎረቤት ይገዛኛል ብሎ መጀመር ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው። ለልጆች ደስታ ብቻ የሚይዙ ከሆነ ደግሞ አብረው ያደጉ ሁለት ሴቶች ይበቃሉ፤ አውራ አያስፈልግም።

በየሜዳው የምትሮጠውን የዱር ጥንቸል ይዞ ማርባት አይሞከር። ቤት የምትረባው ጥንቸል ዘሯ ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር የመጣ ሲሆን ከእኛዋ የዱር ጥንቸል ጋር አይዋለዱም። ከልጆቻቸው እንኳ ልዩነቱ ይታያል፦ የዱሯ ልጅ ፀጉር ለብሳ ዓይኗን ገልጣ ትወለዳለች፤ የቤቷ ልጅ ራቁቷንና ዓይኗ እንደተጨፈነ ትወለዳለች። ለሥጋ በዓለም ላይ በብዛት ከሚረቡት ዝርያዎች ውስጥ ኒውዚላንድ ዋይትና ካሊፎርኒያን ይገኙባቸዋል፤ ሲያድጉ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናሉ። በአካባቢዎ ቅልቅል ዘር ብቻ ካገኙም አይጨነቁ፤ ጤነኛ ቅልቅል ከታመመ ንጹሕ ዘር ይሻላል። ሲገዙ የጆሮዋን ውስጥ ይዩ፤ ቅርፊት መኖር የለበትም። አፍንጫዋ ደረቅ፣ የኋላ አካሏ ንጹሕ፣ የላይና የታች የፊት ጥርሶቿም የሚገጥሙ ይሁኑ። አውራው ከሁለቱ ሴቶች ጋር ዝምድና እንዳይኖረው ከሌላ ቤት ይግዙት። በጆሮዋ አንጠልጥለው አይያዟት፤ በአንድ እጅ የትከሻዋን ቆዳ ይዘው በሌላው መቀመጫዋን ይደግፉ። ስትፈራገጥ የወገብ አጥንቷ በቀላሉ ይሰበራል።

ጥንቸሏ ከመምጣቷ በፊት ቤቱ ተሠርቶ ማለቅ አለበት። መሬት ላይ ልቅ አድርጎ መያዝ ርካሽ ይመስላል፤ ጥንቸሎቹ ግን ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ የትኛዋ መቼ እንደወለደች አይታወቅም፣ ስንት እንደሞተ አይቆጠርም፣ ወንድምና እኅት እየተገናኙ ዘሩ እየደከመ ይሄዳል። ለአንዲት እናት ቢያንስ 75 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድና 45 ቁመት ያለው የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል። አውራውም ለብቻው ይኑር፤ ያደጉ ወንዶች አብረው ከዋሉ ይቆራረጣሉ። ወለሉ ከወንፊት ሽቦ ወይም 1.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት እየተተወለት ከተረበረበ ቀርከሃ ቢሠራ ፍጉ ወደ ታች ይወድቃል፣ እግሯ ግን አይገባም። በሽቦ ላይ ብቻ ስትቆም ውስጥ እግሯ ስለሚቆስል የምታርፍበት ቁራጭ ጣውላ ያስገቡላት።

ጥንቸል ብርድን ትችላለች፤ ሙቀትን አትችልም። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይመቻታል፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲዘልቅ አውራው ለጊዜው መካን ይሆናል፣ ያረገዘች እናትም ልትሞት ትችላለች። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር ያለ ሰው የሚጠነቀቀው ከእርጥበትና ከቀጥተኛ ነፋስ ነው። ድሬዳዋ ወይም መተሐራ ያለ ግን ቤቱን ከዛፍ ጥላ ሥር ያቁም፤ ጣሪያውንም ሣር ያልብሰው፣ ባዶ ቆርቆሮ ምድጃ ይሆንባቸዋል። ቤቱን ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ከውሻና ከድመት ይከልላል፤ ለሸለምጥማጥና ለአይጥ ደግሞ ሽቦው ጠንካራ ይሁን። ጉንዳን ባለበት አገር የቤቱን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ማቆም ይረዳል። አንድ ሌሊት የገባ ጉንዳን የመውለጃ ሣጥኑን ልጅ ሁሉ ይጨርሳል።

የመኖው ዋናው ሣርና ድርቆሽ ነው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ የምትፈጭበት ሻካራ ነገር ካጣች አፏን ይዘጋባታል፤ አንጀቷም ያለ ድርቆሽ ይዛባል። ሌሊት ከመቀመጫዋ ለስላሳ ፍግ እየተቀበለች ስትበላ ቢያዩ አይደንግጡ፤ አንዴ ያለፈው መኖ እንደገና አልፎ ቫይታሚንና ፕሮቲን እንዲሰጣት ተፈጥሮ ያዘጋጀላት መንገድ ነው፣ መከልከል የለባትም። ዝናብ ወይም ጤዛ ያለበትን ሣር ወዲያው አይስጡ፤ ጥላ ውስጥ ዘርግተው ያጠውልጉት። የዝሆን ሣር፣ አልፋልፋ፣ የስኳር ድንች ሐረግና የካሮት ቅጠል ይመቿታል። ጥቅል ጎመን ሲበዛ ይነፋል፤ በጥቂቱ ይሁን። የአቮካዶ ቅጠል፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ ሽንኩርት፣ የሻገተ ዳቦና እንጀራ ፈጽሞ አይቅረቡላት። ለአጥቢ እናት ከዚህ በተጨማሪ ፍሩሽካ ከጥቂት የኑግ ፋጉሎ ጋር ቢሰጣት ወተቷ ይበረክታል።

ውኃን ግን ከመኖ በላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ቅጠል ስለምትበላ ውኃ አያስፈልጋትም የሚለው አነጋገር ብዙ ልጆችን ይገድላል። የምታጠባ እናት በቀን አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ልትጠጣ ትችላለች። የተጠማች እናት ወተቷ ይደርቃል፤ በወለደች ሰዓት ውኃ ካጣች ልጆቿን እስከ መብላት ትደርሳለች። በከባድ ጣሳ ወይም ከግድግዳው ጋር በታሰረ ዕቃ ንጹሕ ውኃ ሌሊትም ቀንም ይኑራት።

ሴቷ ከአምስት እስከ ስድስት ወር፣ ወንዱ ከስድስት እስከ ሰባት ወር ሲሞላው ይገናኛሉ። ሁልጊዜ ሴቷን ወደ አውራው ቤት ይውሰዷት። አውራውን ወደ እሷ ከወሰዱት ቤቷን ለመከላከል ትናከሰዋለች፤ እሱም ሥራውን ትቶ አዲሱን ቦታ ሲያሸት ይቆያል። ዕንቁላሏ የሚለቀቀው ከተጠቃች በኋላ፣ በአሥር ሰዓት ያህል ውስጥ ስለሆነ የተለየ የአውራ ፍለጋ ወቅት መጠበቅ አያስፈልግም። አውራው አጥቅቶ ወደ ጎን ሲወድቅ ካዩ ተሳክቷል ማለት ነው፤ ሴቷን ወዲያው ወደ ቤቷ ይመልሱና ቀኑን ይጻፉ። እምቢ ካለች በማግሥቱ ይሞክሩ፤ አብረው እንዲያድሩ ግን አይተዋቸው።

የጻፉት ቀን የሚጠቅመው አሁን ነው። በ28ኛው ቀን 45 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድና 30 ቁመት ያህል ያለው የመውለጃ ሣጥን ድርቆሽ ሞልተው ያስገቡላት። ሣጥኑ ቀደም ብሎ ከገባ ሽንት ቤት ታደርገዋለች፤ ከዘገየ ልጆቿን ሽቦው ላይ ትጥላለች። ከመውለዷ በፊት ከሆዷ ፀጉር እየነጨች ታነጥፋለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ትወልዳለች። በማግሥቱ ጠዋት እጅዎን ታጥበው፣ ለእናቲቱ ጥቂት ቅጠል ሰጥተው ሣጥኑን ይፈትሹ፤ የሞተ ካለ ያውጡ። ልጆቹን በእጅ መንካት እናቲቱን ያስጠላታል የሚባለው እጅዎን ለለመደች ጥንቸል እውነት አይደለም።

እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ከሣጥኑ ርቃ ብትውል አይፍረዱባት። ጥንቸል ልጆቿን የምታጠባው በቀን አንዴ፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው። ጠግበው እንደሆነ ሆዳቸው ይነግርዎታል፤ ክብና ውጥር ያለ ሆድ ወተት አግኝቷል፣ የተጨማደደ አላገኘም። ጥንቸል እንደ ድመት ልጇን በአፏ ይዛ አትመልስም። ስለዚህ ከሣጥኑ ወጥቶ የቀዘቀዘ ልጅ ካገኙ በእጅዎ መዳፍ ወይም በጨርቅ በደንብ አሙቀው ከወንድሞቹ መካከል ይመልሱት። ከስምንት በላይ ከወለደች ትርፎቹን በሁለት ሦስት ቀን ልዩነት ውስጥ ለወለደች ሌላ እናት መስጠት ይቻላል፤ ሁለት ሴቶችን በአንድ ቀን ማስጠቃት የሚበጀውም ለዚህ ነው።

ልጆቹ በ10ኛው ቀን ገደማ ዓይናቸውን ይገልጣሉ፣ በሦስተኛው ሳምንት ከሣጥኑ ወጥተው ቅጠል ይቀምሳሉ፣ በስድስተኛው ሳምንት ጡት ይጥላሉ። ጡት ከጣሉ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት አደገኞቹ ናቸው። መኖውን በድንገት ከቀየሩባቸው ወይም ፍጉ ከተጠራቀመ ተቅማጥ ይገባል፤ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታም ወጣቶቹን ይፈጃል። ጆሮ ውስጥ ቅርፊት የሚያወጣው እከክ፣ የሚያስነጥስና አፍንጫ የሚያፈስ ጉንፋንም ይታያሉ። ያመመችውን ለይተው የእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። ከሰው መድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ወይም ሌላ የፔኒሲሊን ወገን ገዝተው እንዳይሰጧት አደራ፤ በአንጀቷ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አጥፍቶ ራሷን ይገድላታል።

ወንዶቹንና ሴቶቹን ሦስት ወር ሳይሞላቸው ይለዩ። በሣርና በጥቂት ፍሩሽካ ያደጉት አራት አምስት ወር ላይ 2 ኪሎ ያህል ይደርሳሉ። ሥጋው ነጭና ስብ ያነሰው ነው፤ ፍጉም ለጓሮ አትክልት ግሩም ማዳበሪያ ነው። ለመራቢያ ሴት ልጅ ካስቀሩ ለአባቷ አይመልሷት፤ ከሌላ አርቢ ጋር አውራ ይለዋወጡ። ሁለቱ እናቶች በተከታታይ ሦስት ወሊድ፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ አምስት አምስት ልጅ አድርሰው ጡት ካስጣሉልዎ ያን ጊዜ ለሦስተኛ እናት ቤት ይሥሩ፤ እስከዚያ ድረስ ተጨማሪ ጥንቸል አይግዙ።