የዋዜማ ገበያ ፊዚክስ

በመርካቶ ከአንዋር መስጊድ እስከ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በአዘቦት ቀን የደቂቃዎች የእግር መንገድ ነው። በቅዳሜ ስዑር ያንኑ መንገድ የሚሄድ ሰው ግን ያነሣውን እግር የሚያሳርፍበት ያጣል። በግ የሚጎትተው፣ ዶሮ ቁልቁል ያንጠለጠለው፣ ቄጤማ የተሸከመችው፣ የልጅ ጫማ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ የምትንከራተተው ሁሉ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ይገናኛል። ማታ ቤት ሲገባ «ዛሬስ ሰዉ አብዷል!» ይባላል። ሰዉ ግን አላበደም። ግርግርን ለዓመታት ያጠኑ የፊዚክስ ሊቃውንት ደጋግመው ያገኙት ነገር ቢኖር፣ ትርምሱን የሚፈጥረው የሰው ጠባይ ሳይሆን በአንዲት ካሬ ሜትር መሬት ላይ የቆመው ሰው ብዛት መሆኑን ነው። ይህን ብዛት ጥግግት እንበለው።

ለመሆኑ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን የሚወጣው ለምንድን ነው? የዘመን አቆጣጠራችን ያስወጣዋል። 55 ቀን የጾመ ቤት ቅቤና እንቁላል የሚፈልገው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ስለሚውል የወሩ ደመወዝና የበዓሉ ወጪ በአንድ ሳምንት ይገጣጠማሉ። እንቁጣጣሽ ደግሞ ደብተርና የደንብ ልብስ አስከትላ ትመጣለች። አስቀድሞ ለመግዛት ገንዘብ የሌለውን ሸማች «ለምን ቀደም ብለህ አትገዛም?» ማለት ከንቱ ምክር ነው።

አሁን ወደ መተላለፊያው እንግባ። ጤነኛ ሰው ባዶ መንገድ ላይ በሴኮንድ ወደ 1.3 ሜትር ይራመዳል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ሰው ሲሆን ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ አራት ሲሆን እርምጃው መንፏቀቅ ይሆናል፤ አምስት ላይ የሚቀረው መቆም ብቻ ነው። አንድ መንገድ ብዙ ሰው የሚያሳልፈው ጥግግቱ ሁለት አካባቢ ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ በእያንዳንዱ ሜትር ስፋት በሴኮንድ ከአንድ ሰው ትንሽ የሚበልጥ ያልፋል። ሁለት ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ እንግዲህ በደቂቃ ቢበዛ 150 ሰው ያህል ያሳልፋል ማለት ነው። በደቂቃ 160 ቢገባበት አሥሩ ውስጥ ይቀራሉ። የቀሩት አሥሩ ጥግግቱን ከፍ ያደርጋሉ፤ ጥግግቱ ከፍ ሲል የሚያልፈው ሰው ከ150 በታች ይወርዳል፤ በሚቀጥለው ደቂቃ የሚቀረው ደግሞ ይበዛል። ሲንቀሳቀስ የነበረው መንገድ በድንገት ቀጥ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ነጋዴው ሸቀጡን ደጃፉ ላይ ዘርግቶ ሁለቱን ሜትር ወደ አንድ ሲያጠብብማ ነገሩ ከጠዋቱ ያከተመ ነው።

ሕዝቡ እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ራሱን ያስተካክላል። ወዲያና ወዲህ የሚሄዱ ሰዎች ማንም ሳያዛቸው መስመር ይሠራሉ፤ ከፊት ያለውን መከተል ከሚመጣው ጋር ከመጋጨት ይቀላልና። በርበሬ ተራ ገብታችሁ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ጆንያ ተሸክሞ የሚሮጠውን ወዛደር አስተውሉ። ከኋላው ለቅጽበት ክፍት ቦታ ይፈጠራል፤ አንድ ሰው ይገባበታል፤ ሌላው ይከተለዋል፤ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ረጅም ሰልፍ ይሆናል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ። ማንም ሳያስተባብረው የተሠራ ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱ የሚፈርሰው መቸኮል ሲመጣ ነው። ዲርክ ሄልቢንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህን በኮምፒውተር አሳይቷል፦ በበር ለመውጣት ሁሉም ፍጥነት ሲጨምር የሚወጣው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። ምክንያቱም ትከሻ ለትከሻ የተጣበቁ ሰዎች በበሩ ፊት ቅስት ሠርተው እርስ በርስ ይያያዛሉ። በር ላይ መጋፋት ጊዜ ያስረዝማል እንጂ አያሳጥርም።

ጥግግቱ በካሬ ሜትር ስድስትና ሰባት ሲደርስ ሌላ ዓለም ይጀምራል። ሰው በራሱ እግር መሄዱን ያቆምና ሕዝቡ እንደ ፈሳሽ ወደወሰደው ይሄዳል። የፈረንሳዩ ተመራማሪ ዴኒ ባርቶሎና ባልደረቦቹ በስፔን ፓምፕሎና የሳን ፌርሚን በዓል መክፈቻን ከሰገነት ላይ ቀርጸው መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ውጤቱን አሳትመዋል። ጥግግቱ ገና ስድስት ሳይደርስ፣ በካሬ ሜትር ከአራት ገደማ ሲያልፍ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ማንም ሳይገፋቸው በአንድነት መወዛወዝ ይጀምራሉ፤ አንዱ ዙር 18 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። 21 ሰዎች የሞቱበትን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመን ዱይስበርግ የሙዚቃ ድግስ ላይ የደረሰውን አደጋ የሚያሳዩ ምስሎች ሲመረመሩም ይኸው ውዝዋዜ ተገኝቷል። አደጋ ከመድረሱ በፊት በካሜራ ሊታይ የሚችል ምልክት አለ ማለት ነው፤ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው።

በግፊያ የሚሞቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሞቱት ስለተረገጡ አይደለም። ሳንባ አየር እንዲስብ ደረት መስፋት አለበት፤ ከፊትም ከኋላም ሲጫኑት መስፋት ያቅተዋል። ከአደጋ በኋላ የተጣመሙ የብረት አጥሮች ግፊቱ ከ4500 ኒውተን በላይ እንደነበር አሳይተዋል፤ ይህም ወደ 460 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ደረት ላይ እንደመጫን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የኅዳር ወር የቅናሽ ሽያጭ ዕለት፣ ኒው ዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ላይ፣ ገና ሳይነጋ 2000 ያህል ሸማች አንድ ትልቅ መደብር በር ላይ ተከማችቶ ነበር። በሩ ተሰበረ፤ አንድ ሠራተኛም ታፍኖ ሞተ። ጋዜጦች ሸማቹን «መንጋ» አሉት። ከኋላ የነበረው ሰው ግን ፊት ለፊት ምን እንደሆነ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። በሞተው ሠራተኛ የሚያዝን ሰው መጠየቅ ያለበት ስለ በሩ፣ ስለ አጥሩና ስለ ወረፋው አሠራር ነው። የአገሪቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም ከዚያ በኋላ ለቸርቻሪዎች ያወጣው መመሪያ ያተኮረው በዚሁ ላይ ነው።

ወደ ሱፐርማርኬት ሲገባ ደግሞ የወረፋ ሒሳብ ይጠብቀናል። የዴንማርኩ አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ ስልክ ጥሪዎች የጀመረው ቀመር እዚህም ይሠራል። ሰዎች በዘፈቀደ የሚመጡ፣ እያንዳንዱን ለማስተናገድ የሚፈጀውም ጊዜ እንዲሁ በዘፈቀደ የሚለያይ ከሆነ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ከጊዜዋ 80 በመቶውን በሥራ ስትያዝ በአማካይ አራት ሰው ፊቷ ይቆማል፤ 90 በመቶ ሲሆን ዘጠኝ፤ 95 በመቶ ሲሆን አሥራ ዘጠኝ። ገበያተኛው ከአንድ አምስተኛ ባነሰ ጨመረ፤ ወረፋው ግን አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ልጅቷ አልዘገየችም፤ ሠርታ ሠርታ ነው ወረፋው የረዘመባት። ሦስት ገንዘብ ተቀባዮች ካሉ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ወረፋ ቆሞ ባዶ ወደሆነችው ቢሄድ የጥበቃው ጊዜ ይቀንሳል፤ ባንኮቻችን ቁጥር የሚሰጡትም ለዚህ ነው።

ሙቀቱም ቀላል አይደለም። አንድ ሰው ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይለቃል። ሠላሳ አምስት ሰው የታጨቀበት መስኮት አልባ ሱቅ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙሉ ቀን እንደተጣደበት ነው። በዚያ ላይ የሚተነፍሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም ራስ ይከብዳል፤ በዋጋ ለመከራከር ትዕግሥት ያልቃል።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ አካባቢ ቃጠሎ ሲነሣ የእሳት አደጋ መኪኖች በመንገዱ ጥበት ለመግባት መቸገራቸውን የከተማው ኃላፊዎች ተናግረዋል። ለመኪና የጠበበው መንገድ በዋዜማ ለሚወጣው ሕዝብም ጠባብ ነው። በበዓል ሳምንት መተላለፊያዎቹን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማስኬድ፣ ደጃፍ ላይ የተዘረጋውን ሸቀጥ ማስገባት፣ መግቢያውን ከመውጫው መለየት ሕንፃ ማፍረስ አይጠይቅም። ይህ እስኪሆን ግን ግፊያ ውስጥ የገባ ሰው ሁለት እጁን ደረቱ ፊት አጥፎ ለሳንባው ቦታ ይያዝ። ሕዝቡ ሲወዛወዝ ተቃውሞ አይግፋ፤ ግፊቱ ላላ ሲል በሰያፍ ወደ ዳር ይውጣ። የወደቀ ዕቃ ለማንሣት አይጎንበስ። አፍንጫው የትልቅ ሰው ወገብ ላይ የሚደርስ ሕፃን አየር የሚያጣው ከሁሉም ቀድሞ ነውና፣ ይዘውት ከወጡ እጁን ከመጎተት ከፍ አድርጎ ማቀፍ ይሻላል።