ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፦ የድንገተኛ ጥሪ ተቀባዮች ጭንቀት

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሲቃጠል 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ሲያስፈልግ 907፣ ፖሊስ ሲፈለግ 991 ይደወላል። ደዋዩ በዚያች ሰዓት ልቡ ያለው የሚመጣው መኪና ላይ ነው። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ግን አንድ ሰው ጩኸቱን ሰምቶ፣ ቦታውን ለይቶ፣ የአደጋውን ዓይነት አጣርቶ ማሰማራት አለበት። ስለዚህ ሰው ብዙ አይነገርም። ሥራው የሚያደርስበት ጉዳት ግን እውነተኛ ነው፤ በጊዜ ከታወቀም ሊያዝ የሚችል ነው።

ጥሪ ተቀባይ አደጋውን አያይም፤ የሚሰራው በጆሮው ነው። እናት “ልጄ አይተነፍስም!” ብላ ስትጮህ ከእሷ ጋር ደንግጦ መጮህ አይችልም። “የት ነሽ?” ብሎ መጠየቅ አለበት። የቤት ቁጥር በማይታወቅበት ሰፈር መልሱ “ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ” ነው። የትኛው ቤተ ክርስቲያን? የትኛው ወፍጮ ቤት? ሰኮንዶች እየሄዱ፣ እሷ እያለቀሰች፣ እሱ ጥያቄውን በዚያው በረጋ ድምፅ ደጋግሞ ያቀርባል። አንድን አጭር ዓረፍተ ነገር ሳይለዋውጡ፣ ድምፅ ሳይጨምሩ መደጋገም የተሸበረን ሰው እንደሚያረጋጋ በሙያው የታወቀ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ድንጋጤውን ወደ ውስጥ የዋጠው ሰው ነው።

የስልክ ላይ የሕክምና መመሪያ በሚሰጥባቸው አገሮች ሥራው ከዚህም ያልፋል። ልቡ ቆሞ ለወደቀ ሰው ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል፤ ጥሪ ተቀባዩም ከደዋዩ ጋር እየቆጠረ ያስጭናል። የአምቡላንሱ ድምፅ ይሰማል፣ በር ይከፈታል፣ ስልኩ ይዘጋል። ሰውዬው ተረፈ ወይስ ሞተ? ለጥሪ ተቀባዩ ተመልሶ የሚነግረው የለም። ወዲያው ሌላ ስልክ ይጠራል፤ ይኼኛው ምናልባት የሐሰት ጥሪ ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይህ ነው፦ ያልተቋጨው መጨረሻ። የአምቡላንስ ሠራተኛ ቢያንስ የሆነውን በዓይኑ ያያል። ጥሪ ተቀባዩ ግን ቀሪውን በሐሳቡ ይሞላዋል፤ በሐሳብ የተሞላ መጨረሻ ደግሞ ከእውነተኛውም ሊከፋ ይችላል።

“ስልክ ማንሳት ምን ይጎዳል?” የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ 24 ግዛቶች የሚሰሩ 171 የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ የ911 ሠራተኞችን የጠየቀ ጥናት ታትሞ ነበር። በሥራ ዘመናቸው እጅግ የከፋውን ጥሪ እንዲያነሱ ሲጠየቁ ከሁሉም ይልቅ የተደጋገመው በሕፃን ላይ በድንገት የደረሰ ጉዳት ወይም ሞት ነበር። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም፣ ሰው በሥራው ምክንያት የሰቆቃ ዝርዝር ደጋግሞ የሚደርሰው ከሆነ በቦታው ባይገኝም ፒቲኤስዲ ሊይዘው እንደሚችል አስፍሯል። ፒቲኤስዲ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ነው። ያም ሆኖ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሙያ መደብ ጥሪ ተቀባዮችን ለረጅም ዘመን ከቢሮና አስተዳደር ድጋፍ ሠራተኞች ጋር መድቧቸው ኖሯል። ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንደ ጸሐፊ የሚቆጠር ሰው እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ የሥነ ልቦና ድጋፍ ይታሰብለታል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ጉዳቱ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ከአንድ ከባድ ጥሪ በኋላ በአንዴ የሚመጣው ነው፦ እጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ያንኑ ድምፅ እቤት ገብቶም መስማት። ይህ በአብዛኛው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል። ሁለተኛው ቀስ ብሎ የሚጠራቀመው ነው፤ ለመለየት የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ሠራተኛው “ጨንቆኛል” አይልም፤ ራሱን ያመዋል፣ ጨጓራው ይነሳበታል፣ ሰውነቱ ይዝላል። የገዛ ስልኩ ሲጠራ ይበረግጋል። ድሮ በትዕግሥት ያነጋግራቸው በነበሩ ደዋዮች ላይ ይቆጣል፣ “ሁሉም ውሸታም ነው” ማለት ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት የሥራ መሰላቸትን (በርንአውት) ሲገልጽ ከድካምና ከውጤት ማጣት ጋር ያስቀመጠው ይህንኑ ለሥራ ባዕድ መሆንን ነው። የቅርብ አለቃ ይህን ሲያይ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት “ምን ገጠመህ?” ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። በሌሊት ፈረቃ ነቅቶ ለመቆየት ጫት፣ ጠዋት ለመተኛት መጠጥ የተጀመረ እንደሆነም ችግሩ ሥር እየሰደደ ነው።

ምን ይደረግ? በጥሪው መሐል ሁለቱን እግር መሬት ላይ አሳርፎ፣ ትንፋሽን ከማስገባት ይልቅ ማስወጣቱን ረዘም ማድረግ ሰውነትን ያረጋጋል። የተዘጋጀ የጥያቄ ቅደም ተከተልም ይረዳል፤ ሐሳብ ሲበተን የሚያዝ ነገር ይሆናል፣ በኋላም “ማድረግ ያለብኝን አድርጌያለሁ” ለማለት ያስችላል። ከከባድ ጥሪ በኋላ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ከወንበሩ መነሳት መብት እንጂ ልመና መሆን የለበትም። የሰው እጥረት ባለበት ማዕከል ይህ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም የፈረቃ ኃላፊው ራሱ ለአምስት ደቂቃ ማዳመጫውን ተቀብሎ መቀመጥ ይችላል።

የሥራ ባልደረባ ትልቅ መድኃኒት ነው፤ ያንን ድምፅ የሚያውቀው እሱ ነውና። ጥቂት ሠራተኞችን መርጦ የማዳመጥ ሥልጠና መስጠት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ነገር ግን በቅን ልብ የሚፈጸም አንድ ስሕተት አለ፦ ሁሉንም ሰብስቦ የሆነውን በዝርዝር እንዲተርኩ ማስገደድ። የዓለም ጤና ድርጅት አሰቃቂ ነገር በቅርቡ የደረሰባቸውን ሰዎች ለማከም ይህ ዓይነቱ የአንድ ጊዜ ስብሰባ እንዳይደረግ ይመክራል። መናገር የፈለገን መስማት፣ ያልፈለገን መተው ይገባል።

ቅዠቱ፣ መበርገጉና ከሥራ መሸሹ ከአንድ ወር ካለፈ ጉዳዩ የባለሙያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታልና የሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ አንድ ቀንም መጠበቅ አያስፈልግም። አሜሪካ ያሉ ወገኖች ለዚሁ ወደተዘጋጀው የእርዳታ መስመር 988 ደውለው በአስተርጓሚ መነጋገር ይችላሉ።

አስተርጓሚ ካልን፣ እነዚህም ይታወሱ። ዋሽንግተን ዲሲን በመሳሰሉ ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው ከተሞች እንግሊዝኛ የማይችል ሰው 911 ሲደውል በመሐል የሚገባው አማርኛ አስተርጓሚ ያንኑ ጩኸት ይሰማል፤ በራሱ አፍም ይደግመዋል። ብዙዎቹ የሚሰሩት ከቤታቸው፣ ብቻቸውን ስለሆነ ዞር ብለው የሚያዋዩት ባልደረባ እንኳ የላቸውም።

ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ወሬውን መመለስ ነው። የአምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ ቡድኑ ፈረቃው ሲያልቅ ለስምሪት ክፍሉ “ያ ልጅ ተርፏል” ወይም “አልደረስንም፣ ግን ቦታውን በትክክል ነግራችሁናል” ቢል ያልተቋጨው ይቋጫል። የታካሚ ምስጢር እንዲጠበቅ ስምና የሕመም ዝርዝር ሳይነሳ ይህን ማድረግ ይቻላል። ደዋዮችም ድርሻ አለን፦ ከሁሉ በፊት ቦታውን መናገር፣ ተቀባዩ “ዝጉ” ሳይል ስልኩን አለመዝጋት፣ ስልክን ለልጆች መጫወቻ አለመስጠት። ሰው ተርፎልን ከሆነ ደግሞ በሌላ ቀን፣ በድንገተኛው ቁጥር ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ መደበኛ ስልክ ወይም በአካል ሄደን፣ የደወልንበትን ቀንና ሰዓት ጠቅሰን ለዚያ ሠራተኛ መልእክት ማድረስ እንችላለን።