አራት ዓይናው ኳስ ተጫዋች

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ሲደርስ አስቀድሞ የሚያየው ውሃውን ነው። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን የእኔን ዐይን የሳበው ውሃው ሳይሆን በአቅራቢያው ባለ መስክ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ተማሪዎች ነበሩ። ለግብ የሚሆን እንጨት ስላልነበራቸው በአንድ ወገን ሁለት ድንጋይ አስቀምጠዋል፤ በሌላው ወገን ደግሞ ደብተሮቻቸውን በሁለት ቦታ ከምረዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ ዕድሜው ከአሥራ አራት የማይበልጥ ልጅ፣ ግብ ይጠብቃል፤ ኳሷ ወደ ፊት ስትሄድ አጥቂ ሆኖ ይሮጣል፤ ክርክር ሲነሣም ዳኛው እርሱ ራሱ ነው።

በዚያ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ወይ ደብተርህን አንሣ፣ ወይ ኳስህን ያዝ» አሉት። ልጁም ላቡን እየጠረገ፣ «አባባ፣ ደብተሩም እኮ አብሮን እየተጫወተ ነው» ሲል መለሰላቸው። ሽማግሌው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን እስከ ማታ ከልቤ አልወጣም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የሽማግሌው ምክር ትምህርት ቤት ላለነው ሁሉ፣ ከትምህርት ቤትም ወጥተን በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ለተቀመጥነው ወጣቶች ዘወትር የሚነገር ነው። አንድ ሙያ ያዝ፣ ሌላውን ተው ይባላል። ምክሩ እውነት አለው፤ ሁሉን ጀምሮ አንዱንም ያልጨረሰ ሰው በየመንደሩ አለና። ነገር ግን እዚያው ሐይቅ ዘንድ ለዚህ ተረት መልስ የሚሆን ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም «አራት ዓይና» የሚለው ነው።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ከ13ኛው መቶ ዓመት ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ጀምሮ፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ደቀ መዛሙርት መጽሐፍ ተምረዋል፤ እርሳቸው ለገዳሙ ያስጻፉት ወንጌልም እስከ ዘመናችን ተጠብቆ ቆይቷል። በቤተ ክህነት ትምህርት ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን አራቱንም ጉባኤ አጠናቅቆ ያወቀ መምህር አራት ዓይና ይባላል። ይህ ሰው አራት ዛፍ ላይ የወጣ አይደለም። አንዱን ዛፍ በአራቱም ቅርንጫፍ የወጣ ነው። ከሐይቅ ቀጥሎ ያለው አምባሰልም ስሙን ከአራቱ ቅኝቶች ለአንዱ ሰጥቷል፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር አምባሰልን ያልቻለ ድምፃዊ ሙሉ ነው አይባልም። ሙሉነት ማለት እንግዲህ በአንድ ሙያ ውስጥ የጎደለ ወገን አለመኖር ነው።

በስፖርት ዓለም ይህን ስም የሚያህል ቃል ያላቸው እንግሊዞች ናቸው። ክሪኬት የሚባለው ጨዋታቸው ከእኛ የገና ጨዋታ ጋር በዱላና በኳስ ይመሳሰላል። አንዱ ወርዋሪ ነው፤ ከመቺው ኋላ የተተከሉትን ሦስት ካስማዎች በኳስ ለመጣል ይሞክራል። ሌላው መቺ ነው፤ ኳሱን በሰፊ ዱላ መትቶ በመሮጥ ነጥብ ያገኛል። አብዛኛው ተጫዋች ከሁለቱ በአንዱ ይታወቃል። መምታቱንም መወርወሩንም አስተካክሎ የቻለውን ግን «ኦል ራውንደር» ይሉታል። ከእነዚህም አንዱ፣ ለዛሬው ነገራችን መንገድ የሚከፍትልን፣ ቤዚል ዶሊቬራ ነው።

ዶሊቬራ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1931 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በኬፕ ታውን ተወለደ። በአገሩ ሕግ «ክልስ» ተብሎ የተመዘገበ ስለ ነበር የቱንም ያህል ቢጫወት ለደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን መሰለፍ አይፈቀድለትም ነበር። በ1960 ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ፤ በ1966ም ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። ለዚያ ቡድን በ44 ታላላቅ ግጥሚያዎች 2484 ነጥብ አስመዝግቧል፤ በውርወራውም 47 መቺዎችን ከሜዳ አስወጥቷል። በ1968 ነሐሴ ለንደን ውስጥ ኦቫል በተባለው ሜዳ ከአውስትራሊያ ጋር ሲጋጠሙ በአንድ ተራ ብቻ 158 ነጥብ አገኘ። ይህን ያደረገ ሰው ግን ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚሄደው ቡድን ሳይመረጥ ቀረ። ሕዝቡ ጮኸ። ከተመረጡት አንዱ በጉዳት ሲወጣ ዶሊቬራ ተተካ፤ የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር ግን ቡድኑን አልቀበልም አሉ፤ ጉዞውም ቀረ። ከዚያ በኋላ የነጮች ብቻ የሆነው ክሪኬት ከዓለም እየተነጠለ ሄደ።

ዶሊቬራ በዱላውና በኳሱ ያደረገው ይህ ነው። ጉዳዩን ግን በጠረጴዛ ዙሪያ የወሰኑት ሌሎች ነበሩ። ሜዳውንም ጠረጴዛውንም አንድ ሰው ሲይዝ ምን እንደሚሆን ማየት ለሚሻ፣ ወደ ራሳችን አገር መመለስ ነው።

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዕለት በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ራሳቸው ባለ ብዙ ሙያ ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው የመኪናን ነገር ተማሩ፤ በዚያው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹና ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኑ። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ አገር ሲመሩም ከቅርብ ሰዎቻቸው አንዱ ሆነው የፖስታውን ሥራ በሚኒስትርነት ይዘዋል። ልጃቸው ግን ኳሱን መረጠ።

ይድነቃቸው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ በዚያው ቡድን 23 ዓመት ተጫወቱ። በ365 ግጥሚያ 318 ግብ ማግባታቸው ይነገርላቸዋል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

ከእነዚህ ቍጥሮች ይልቅ ግን የጀመሩበት ዘመን ሊታሰብ ይገባል። ቡድኑ ከተቋቋመ ወራት ሳይቈጠሩ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። በወረራው ዘመን የአገሬው ልጅ ከነጭ ቡድን ጋር እንዳይጋጠም ተከለከለ፤ የጊዮርጊስ ቡድንም ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር በሚል ስም እንዲጫወት ተደረገ። በገና ሜዳ ጌታና ሎሌ በእኩል ዱላ የሚጋጠሙበትን፣ ጌታውም መመታቱን በቍጣ የማይቀበልበትን ልማድ ለሚያውቅ ሕዝብ፣ ሜዳ በቀለም ሲከፈል ማየት እንዴት ያለ ስድብ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ወጣቱ ይድነቃቸው ይህን በመጽሐፍ አላነበቡትም፤ ማሊያ ለብሰው አዩት።

አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ኳስ መምታቱ ብቻውን አልበቃቸውም። ሜዳ፣ ደንብ፣ ዳኛ፣ ውድድር የሚያዘጋጅ ጽሕፈት ቤት፣ ይህ ሁሉ ከምንም ተነሥቶ መሠራት ነበረበት። በ1930ዎቹ አጋማሽ የስፖርት ድርጅትና የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋሙ ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። በሳምንቱ ቀናት ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ በዕረፍት ቀን ግብ ያገባሉ። ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ልብ እንበል፤ እኚህ ሰው ሥራ የሚባለውን ነገር ወንበር እስኪሰጣቸው አልጠበቁም።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ፤ ከኢትዮጵያ ወገን አቶ ይድነቃቸው ነበሩበት። የደቡብ አፍሪካው መልእክተኛ ወይ ነጮች ብቻ ወይ ጥቍሮች ብቻ የሆኑበትን ቡድን እንጂ የተቀላቀለ አናመጣም አለ። ሌሎቹም እንግዲያው አትጫወቱም አሉት። ይህ የሆነው ከዶሊቬራ ነገር 11 ዓመት አስቀድሞ መሆኑን እናስተውል። በዚያ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሜዳው አሳፈረን፤ ጠረጴዛው አኰራን።

አምስት ዓመት አለፈ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት፣ ኢትዮጵያ ዳግመኛ ከግብፆች ጋር ለፍጻሜ ቆመች። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። እንግዶቹ፣ ሁለቱንም ያለፉ ዋንጫዎች የወሰዱት፣ አስቀድመው አገቡ። የእኛ ቡድን አቻ አደረገ፤ ወዲያው በሚቀጥለው ደቂቃ እንደገና ተመራ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎ አስተካከለ። በተጨመረው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ ከዚያም መንግሥቱ ወርቁ አገቡና ግጥሚያው 4 ለ 2 ሆነ። የአሥመራዎቹ የቫሳሎ ወንድማማቾች አባታቸው ጣሊያናዊ፣ እናታቸው የአገሩ ልጅ ነበሩ። በደቡብ አፍሪካ ቢወለዱ ኖሮ እንደ ዶሊቬራ ክልስ ተብለው ከብሔራዊ ቡድን ደጅ በቀሩ ነበር። እዚህ ግን አንደኛው ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ብዙ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ባረፈ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ግን ታላቁን ግጥሚያቸውን ገና አልጀመሩም። በፈረንጆች አቈጣጠር ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንድም የራሷ ቦታ አልሰጣትም። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሽንያ ጋር ተጋጥሞ ለአንዲት ቦታ ይሽቀዳደም ተባለ። የጋናው ኦሄኔ ጃንና የኢትዮጵያው ይድነቃቸው ተሰማ ከተቃውሞው ግንባር ቀደሞች ነበሩ፤ የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ።

አምባሰልን የሚያውቅ ሁሉ ውጫሌን ያውቃል። በ1881 ዓ.ም. በዚያ በተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላል» ሲል በጣሊያንኛው «ይገባል» ብሎ ስለ ተገኘ፣ ነገሩ እስከ ዐድዋ አደረሰን። በወረቀት ላይ ያለች አንዲት ቃል የአገርን ክብር እንደምትይዝ ከኢትዮጵያዊ ይልቅ የተማረው የለም። አቶ ይድነቃቸውም የፊፋን ደንብ ያነበቡት በዚህ ዐይን ይመስለኛል። ውጤቱም ታየ። ለ1970ው ውድድር ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተሰጠና ሞሮኮ ወደ ሜክሲኮ ሄደች። በ1982 ቦታው ሁለት ሆነ፤ በ1998 አምስት፤ ለ2026ቱ የተመደበው ቀጥተኛ ቦታ ደግሞ ዘጠኝ ነው። ያች በአንድ ቦታ የጀመረችው ሞሮኮ በ2022 ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ ዓለምን አስደነቀች።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ 15 ዓመት የአፍሪካው ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። በኦሊምፒክ ዓለም አቀፍ ኮሚቴም አባል ነበሩ። በዚህ ጊዜ ሁሉ የደቡብ አፍሪካን ነገር አልለቀቁም። ፊፋ በ1961 አግዶ፣ በ1963 መልሶ፣ በ1964 ደግሞ አግዶ ሲያመነታ ቆይቶ በ1976 አባረራት፤ የተመለሰችውም ዘር ሳይለይ የሚጫወት ፌዴሬሽን ይዛ በ1992 ነው። አቶ ይድነቃቸው ይህን አላዩም። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ ዐረፉ።

አሁን ወደ ሽማግሌው ምክር እንመለስ። እውነቱን ለመናገር ተረቱ አንድ ነገር ያስጠነቅቀናል። አንድ ሰው አጥቂም፣ አሠልጣኝም፣ ጸሐፊም፣ ፕሬዚዳንትም ሲሆን እርሱ ከሄደ በኋላ ወንበሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ኢትዮጵያ ከ1954ቱ ዋንጫ በኋላ ሌላ አላገኘችም። በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1982 በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ እስከ 2013 ድረስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል። ይህ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ታላቅ ሰው ተተኪ ካላገኘ ሥራው ትዝታ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ያሳያል። ስለዚህ ከእኛ የሚፈለገው ሁላችንም ሁሉን እንድንሠራ አይመስለኝም። ኳሱን የሚያውቅ ደንቡን ያንብብ፤ ደንቡን የሚጽፍም በሜዳው ላይ የሚደረገውን ወርዶ ይይ ነው። ስለ ገበሬ ውሳኔ የሚሰጥ ወጣት ሹም ማሳ ረግጦ የማያውቅ ከሆነ፣ ግብ ጠብቆ የማያውቅ ዳኛ ማለት ነው።

በሐይቅ መስክ ላይ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጨዋታው አለቀ። ያ ልጅ የግቡን ምልክት ደብተሮች አንሥቶ አቧራቸውን አራገፈ፤ በየሽፋኑ ላይ ያለውን ስም እያነበበ ለየባለቤቱ አደለ። የራሱን በመጨረሻ አነሣ። ከዚያም ደብተሩን በአንድ ብብቱ፣ ኳሱን በሌላው ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ዛፉ አንድ እንደ ሆነ ለሽማግሌው የሚነግርላቸው ሰው ባገኝ ደስ ባለኝ።