ለእናት ቀላል የሆነው ሩቤላ ለፅንሱ እጅግ አደገኛ ነው

በነፍሰ ጡር እናት ላይ ከቀላል ትኩሳትና በሦስት ቀናት ውስጥ ከሚጠፋ ሽፍታ እምብዛም የማያልፈው የሩቤላ ቫይረስ፣ ፅንስን ለዕድሜ ልክ የአካል ጉዳት ከሚዳርጉ ተላላፊ በሽታዎች አንዱ ነው። ሽፍታው ጨርሶ ሳይታይ የሚያልፍበት ጊዜም ጥቂት አይደለም።

በሽታው ለረጅም ዘመን የልጆች ቀላል ሕመም ተደርጎ ሲቆጠር ቆይቷል። ይህን አመለካከት የቀየሩት በአውስትራሊያ ሲድኒ የዓይን ሐኪም የነበሩት ኖርማን ግሬግ ናቸው። ሐኪሙ እ.ኤ.አ በ1941 ይፋ ባደረጉት ጥናት የዓይን ሞራ ይዘው የተወለዱ 78 ሕፃናትን ሁኔታ አጥንተው፣ የአብዛኞቹ እናቶች በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ በሩቤላ ተይዘው እንደነበር አመልክተዋል።

ቫይረሱ ከእናቲቱ ደም በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ሲዘልቅ የሕዋሳትን መባዛት ያውካል፤ የደም ሥሮችንም ይጎዳል። ዓይን፣ ጆሮና ልብ በዋናነት የሚቀረፁት በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት በመሆኑ፣ በእርግዝናው መባቻ የተያዘች እናት ፅንስ የመጎዳት ዕድሉ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። ውርጃም ሊያጋጥም ይችላል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግን ጉዳቱ አልፎ አልፎ ካልሆነ በስተቀር አይታይም።

በኢትዮጵያ በኩፍኝ ከተጠረጠሩ ሕሙማን በተወሰዱ የደም ናሙናዎች ሩቤላ ተደጋግሞ ተገኝቷል። ብዙ እናቶች ደግሞ የቅድመ ወሊድ ክትትል የሚጀምሩት ወሳኙ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ክትባቱም የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለያዘ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ስለዚህ መከላከሉ ከእርግዝና በፊት ካልተከናወነ ዘግይቷል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ በ1964 እና 1965 በአሜሪካ በተከሰተው ወረርሽኝ 12 ነጥብ 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተይዘው፣ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት ጉዳት ደርሶባቸው ተወልደዋል። ክትባቱ በዚያች አገር የተፈቀደው በ1969 ነው።

ይሁንና ክትባት መጀመር ብቻውን አይበቃም። ግሪክ በ1970ዎቹ አጋማሽ ክትባቱን ብትጀምርም ሽፋኑ በ1980ዎቹ ከግማሽ በታች ነበር። የቫይረሱ ስርጭት በመቀነሱ በርካታ ልጃገረዶች በልጅነታቸው ሳይያዙም ሳይከተቡም ለመውለጃ ዕድሜ ደረሱ። በ1993 በተከሰተው ወረርሽኝም ጉዳት የደረሰባቸው 25 ሕፃናት መወለዳቸው በምርመራ ተረጋግጧል።

በዚህ ስጋት ሳቢያ የዓለም ጤና ድርጅት ክትባቱን የሚጀምሩ አገሮች ቢያንስ 80 በመቶ ሽፋን እንዲኖራቸው ለዓመታት ሲመክር ቆይቷል። የድርጅቱ የክትባት አማካሪ ባለሙያዎች በ2024 መስፈርቱ እንዲነሳ ሐሳብ አቅርበዋል። ምክንያቱም ክትባቱ ሲጀመር ከጨቅላ ሕፃናት እስከ 14 ዓመት ያሉትን ሁሉ የሚያዳርስ ዘመቻ አብሮ ከተካሄደ፣ በግሪክ የታየው ክፍተት የመፈጠር ዕድሉ አነስተኛ ነው።