አዲስ የሞተር ሳይክል ባትሪ ከመታሰሩ በፊት ምን ይደረግ?

በሀዲያ ዞን ጊቤ ወረዳ፣ በሆመቾ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙ ቀበሌዎች ሞተር ሳይክል የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ሆኗል። አርሶ አደሩ ዘርና የእርሻ መድኃኒት ያመላልስበታል፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከማሳ ማሳ ይዘዋወርበታል፤ መኪና በማይገባበት መንገድ ታማሚ ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው። በሌሊት ጉዞ መካከል መብራቱ ቢደክም ወይም ሞተሩ አልነሣ ቢል፣ ጉዳቱ ከአሽከርካሪው አልፎ ከኋላው ለተቀመጠው ሰው ይተርፋል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር አንዱ ምክንያት አዲስ ባትሪ ተገቢው ዝግጅት ሳይደረግለት ሥራ ላይ መዋሉ ነው። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይጋገርበት ሁሉ፣ ደረቅ ባትሪም ከመጀመሪያው አገልግሎት በፊት የሚደረግለት የራሱ ማሟሸት አለው። ይህ ዝግጅት የሚፈጀው የአንድ ቀን ክፍል ብቻ ሲሆን፣ የባትሪውን ዕድሜ ግን በእጅጉ ይወስናል።

“ደረቅ” ሲባል የትኛው ነው?

በገበያ “ደረቅ ባትሪ” የሚለው ስም ለተለያዩ ዕቃዎች ይውላል። የመጀመሪያው ባለ ስድስት ክዳን ሲሆን፣ አሲድ ሳይጨመርበት የሚሸጥ ነው። ሁለተኛው ከራሱ የአሲድ ጥቅል ጋር በአንድ ካርቶን የሚመጣና ከተሞላ በኋላ ለዘለቄታው የሚታሸግ ነው። ሦስተኛው በፋብሪካ ተሞልቶና ታሽጎ የሚመጣ ነው። ይህኛው አሲድ አይጨመርበትም፤ ክዳኑም ፈጽሞ አይከፈትም። ኃይሉን በቮልት መለኪያ አይቶ ከ12.5 ቮልት በታች ከሆነ ቻርጅ ማድረግ ይበቃል። ስለዚህ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ የያዘው ባትሪ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሻጩን መጠየቅና በካርቶኑ ላይ የሰፈረውን መመሪያ መመልከት ይኖርበታል።

በውስጡ ምን አለ?

የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በ1859 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የተፈለሰፈ ሲሆን፣ መሠረታዊ አሠራሩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ባለ 12 ቮልት ባትሪ እያንዳንዳቸው ወደ 2 ቮልት የሚጠጉ ስድስት ክፍሎች አሉት። በየክፍሉ የእርሳስ ሰሌዳዎች የተደረደሩ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ የሚገኘው ሰሌዳዎቹ ከአሲዱ ጋር ሲገናኙ ነው።

በደረቁ ባትሪ ሰሌዳዎቹ በፋብሪካ ኃይል ከተሞሉ በኋላ ደርቀው ይታሸጋሉ። ማሸጊያው ሲከፈት እርጥበት ያለው አየር ገብቶ ሰሌዳዎቹን ማበላሸት ይጀምራል። በዚህም ምክንያት ማሸጊያው መነሣት ያለበት አሲዱ በሚሞላበት ዕለት ብቻ ነው።

አሞላሉ ደረጃ በደረጃ

በመጀመሪያ ባትሪው ከሞተር ሳይክሉ ውጭ፣ ነፋስ በሚገባበት ደልዳላ ቦታ ይቀመጣል። የስድስቱ ቀዳዳዎች ክዳን ይነሣል፤ የአየር መተንፈሻውን የሚዘጋው ትንሽ የላስቲክ ቆብም ይወልቃል። ይህ ቆብ ተመልሶ አይገጠምም። መተንፈሻው እንደተዘጋ ከቀረ በውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ አጥቶ ባትሪውን ሊያፈነዳ ይችላል።

ቀጥሎ ለባትሪ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ጥግግቱ 1.28 የሆነ አሲድ በየክፍሉ በዝግታ ይጨመራል። በባትሪው ጎን ከተሰመሩት ሁለት መስመሮች የላይኛውን ሲነካ ይቆማል። ያልተበረዘ ጠንካራ አሲድ ሰሌዳዎቹን ስለሚበላና ለአያያዝም እጅግ አደገኛ ስለሆነ መጠቀም አይገባም። የራሱ የአሲድ ጥቅል ላለው ባትሪ ደግሞ ከዚያ ጥቅል ውጭ ሌላ አሲድ አይጨመርም፤ የማሸጊያ ክዳኑም የሚገጠመው በመመሪያው በተገለጸው ጊዜ ነው።

ከዚያም ባትሪው ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሳይነካ ይቆያል። ደረቅ አፈር የመጀመሪያውን ዝናብ እንደሚመጥ ሁሉ ሰሌዳዎቹም አሲዱን ይመጣሉ፤ መጠኑም ዝቅ ይላል። ባለ ክዳኑ ባትሪ ላይ የጎደለው በዚያው አሲድ እስከ ላይኛው መስመር ይሟላል። ከዚህ በኋላ አሲድ አይጨመርም። በአገልግሎት ዘመኑ ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ፣ የጉድጓድ ወይም የወንዝ ውሃ በውስጡ ያለው ማዕድን ሰሌዳዎቹን ስለሚጎዳ አይሆንም።

የመጀመሪያው ቻርጅ

አሲድ እንደተሞላ ባትሪው መብራት ሊያበራ፣ ሞተርም ሊያስነሣ ይችላል። ብዙዎችን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ይሁንና በዚህ ጊዜ የሚይዘው ኃይል ከሙሉው 80 በመቶ ገደማ ነው። ሳይሞላ ሥራ የጀመረ ባትሪ በሰሌዳዎቹ ላይ ሊድ ሰልፌት የተባለው ውሁድ እየጠጠረ ስለሚሄድ ሙሉ አቅሙ ላይ ላይደርስ ይችላል። ሞተር ሳይክሉ በጉዞ ላይ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክም ይህን የመጀመሪያ ሙሌት አይተካም።

የቻርጁ ልክ የባትሪው አቅም አንድ አሥረኛ ነው። በላዩ 5 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት በ0.5 አምፔር፣ 7 የተጻፈበት በ0.7፣ 9 የተጻፈበት በ0.9 አምፔር ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይሞላል። መብራት ከተቋረጠ የቀረው ሰዓት ሲመለስ ይሟላል። ባለንብረቱ ባትሪውን ጋራዥ ከወሰደው ለመኪና ባትሪ በሚውል ከፍተኛ ኃይል እንዳይሞላ አስቀድሞ መናገር አለበት። ከልክ ያለፈ ኃይል ባትሪውን አግሎ ሰሌዳዎቹን ያጣምማል። ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ ሳጥኑ በእጅ ለመንካት እስኪያስቸግር ከጋለ መቋረጥና እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አለበት።

ቻርጁ ካበቃ በኋላ ባትሪው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት አርፎ ሲለካ ከ12.6 ቮልት በላይ ሊያሳይ ይገባል። ከዚያ በታች ከሆነ ቻርጁ ይቀጥላል።

ሲታሰር ቀይ ምልክት ያለው የፖዘቲቭ ሽቦ ይቀድማል፤ ኔጌቲቩ ይከተላል። ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። የመተንፈሻው ቱቦም ሳይጠመዘዝና ሳይቆነጠጥ፣ ከሰንሰለቱና ከጭስ ማውጫው ርቆ ወደ ታች መውረድ አለበት።

ጥንቃቄ ለሰው

አሲዱ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይንን ያጠፋል። የላስቲክ ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ አለመንካት፣ በአጠገብም ብዙ ውሃ አዘጋጅቶ መያዝ ያስፈልጋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ሳያቋርጡ ማጠብና ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ቻርጅ በሚደረግበት ቦታ ምድጃ፣ ሻማም ሆነ ሲጋራ መኖር የለበትም፤ የሚወጣው የሃይድሮጅን ጋዝ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳልና።

የተረፈ አሲድ በተለምዶ ሃይላንድ በሚባለው የውሃ ጠርሙስ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ እጅግ አደገኛ ነው። መልኩ ከውሃ ስለማይለይ ሕፃን ብቻ ሳይሆን አዋቂም በስሕተት ሊጠጣው ይችላል።

ያረጀው ባትሪም በጓሮ እንሰት ሥር ወይም በምንጭ አጠገብ የሚጣል አይደለም። በውስጡ ያለው እርሳስ አፈርንና ውሃን ይመርዛል፤ በተለይም የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። አሲዱን ሳያፈሱና ሳጥኑን ሳይሰብሩ አሮጌ ባትሪ ለሚረከቡ ነጋዴዎች ማስረከብ ይገባል። አዲሱን በሚገዙበት ዕለት አሮጌውን ይዞ መሄድ ጉዞውን ያሳጥራል።