የተልባ እግር፦ ከምግቡ ጀርባ ያለው ጨርቅ

ጁባ፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር የሚኖር ኢትዮጵያዊ በጾም ወራት ተልባ ሲያምረው በዓይኑ የሚመጣበት ተቆልቶና ተወቅጦ በውኃ የተበጠበጠው፣ ወይም እንጀራ የተፈተፈተበት ነው። አገር ቤት ያለውም ከዚህ የተለየ አያስብም። አማርኛ ግን ሌላ ነገር ይዟል። መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ሲተረጎም የብሉይ ኪዳን ካህናት ልብስ «የተልባ እግር» ተባለ። እግሩ አገዳው ነው፤ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ሊነን የሚባለው ጨርቅም የሚሠራው ከዚሁ አገዳ ነው።

ተረት፦ ክሩ እንደ ጥጥ ከፍሬው ይወጣል።

እውነታ፦ ጥጥ በፍሬው ላይ የሚበቅል ፀጉር ነው። የተልባ ቃጫ የሚገኘው ግን በአገዳው ቅርፊትና በእንጨታማው ክፍል መሐል ነው። እንጨት ለቃሚ ሸክሟን የምታስርበትን ልጥ ያየ ሰው ነገሩ አይቸግረውም፤ ልጥም ከግንድ ላይ የሚላጥ ቃጫ ነው። ለጨርቅ የሚዘራ ተልባ አይታጨድም፤ ቃጫው እስከ ሥሩ ስለሚወርድ እንዳያጥር ይነቀላል። ከዚያ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ አለዚያም ማሳው ላይ ተዘርግቶ ለሳምንታት ጤዛና ዝናብ ይወርድበታል። በዚህ ጊዜ ረቂቅ ተሕዋስያን ቃጫውን ከእንጨቱ ጋር ያጣበቀውን ሙጫ ይበሉታል። ገበሬው ከቸኮለ ቃጫው አይላቀቅም፤ ከዘገየ ቃጫው ራሱ ይበሰብሳል። አገዳው ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ስብርባሪው ይራገፋል፣ ቃጫው ተበጥሮ ይፈተላል።

ተረት፦ የፈረንጅ ሊነንና የእኛ ተልባ የተለያዩ ተክሎች ናቸው።

እውነታ፦ አንድ ናቸው። ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ለተክሉ ያወጣለት ሳይንሳዊ ስም ሊነም ኡሲታቲሲመም ነው፤ ሁለተኛው ቃል «እጅግ ጠቃሚው» ማለት ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር ሰብስቧል። አገሪቱን ከዓለም የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት አንዷ አድርጎ ሲመድብም ተልባ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር።

ተረት፦ እንግዲያው አርሲና ጎጃም የሚበቅለው ተልባ ሁሉ ሊነን ይሆናል።

እውነታ፦ ይህን ያህል አይቀልም። ተክሉ አንድ ቢሆንም ሰው ለሁለት ዓላማ መርጦ ሁለት ቁመና ሰጥቶታል። የጨርቁ ተልባ ቅርንጫፍ እንዳያበዛ ተጠጋግቶ ይዘራል፤ ቀጥ ብሎ አንድ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ፍሬው ፈጽሞ ሳይደርስም ይነቀላል። የእኛው አጠር ያለና ቅርንጫፋም ነው። ፍሬው እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ሲወቃም አገዳው ይሰባበራል። ጭላሎና በላይ-96ን የመሳሰሉት የአገር ውስጥ ዝርያዎች የወጡት ለፍሬና ለዘይት ነው። ስለዚህ ሊነን የሚፈልግ ሌላ ዘር፣ ሌላ የአዘራር ልማድና መፈተያ ፋብሪካ ያስፈልገዋል። በጨርቅ ተልባ ከዓለም አንደኛ የሆነችው ፈረንሳይ በኖርማንዲ የተሳካላት ከባሕር የሚነሳው እርጥበት ማሳ ላይ የተዘረጋውን አገዳ በልኩ ስለሚያርሰው ጭምር ነው።

ተረት፦ ስስ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

እውነታ፦ ሊነን ሲረጥብ ከደረቁ ይበልጥ ይጠነክራል። ቶሎ መጨማደዱ እውነት ነው፤ መጨማደድ ግን መድከም አይደለም። የጥንት ግብፃውያን ሙታናቸውን የገነዙት በዚሁ ጨርቅ ነበር። ከግብፅ ታርካን መቃብር የወጣ አንድ የሊነን ቀሚስ ዕድሜው 5,000 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ እጅጌው ሳይቀር ለንደን በሚገኘው የፔትሪ ሙዚየም ይታያል።

ተረት፦ ተልባ በሌለበት አገር የተልባ እግር የለም።

እውነታ፦ ተልባ ደገኛ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚስማማው ከ1,800 እስከ 2,800 ሜትር ከፍታ ሲሆን፣ ጁባ ያለችው 550 ሜትር ገደማ ላይ፣ በነጭ ዓባይ ዳር ሙቀት ውስጥ ነው። ኮር ዊሊያም አጠገብ የተልባ ማሳ የሚፈልግ አያገኝም። የተልባ ቃጫ ግን በየቀኑ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፦ ጁባ ውስጥ ከአገሩ ፓውንድ ጎን የሚመነዘረው የአሜሪካ ዶላር ወረቀቱ 75 በመቶ ጥጥ፣ 25 በመቶ ሊነን ነው። ላብ በነካው እጅ ተጣጥፎና ተቆጥሮ በቀላሉ የማይቀደድበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።