ሻሽ ከንጉሥ ራስ እስከ ሶፍት

ጊጊሪ ውስጥ «ሻሽ» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ቢያንስ አምስት ዓይነት ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። ኢትዮጵያዊቷ የራስ ማሰሪያዋን ታስባለች። ሶማሊያዊቷም እንዲሁ፣ እሷ ዘንድ ግን ቃሉ ሠርግ ሠርግ ይሸታል። ካይሮ ያደገው የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ቁስል የሚሸፈንበት ስስ ጨርቅ ይታየዋል። ከሞምባሳ የመጣው ኬንያዊ «ሻሺ» ሲል ሶፍት ማለቱም ሊሆን ይችላል። እንግሊዛዊው ደግሞ «ሳሽ» ብሎ ወገቡ ላይ ያስረዋል።

እነዚህን ሁሉ አንድ ሠፈር ያገናኛቸው የቅርብ ታሪክ ነው። ጊጊሪ በናይሮቢ ሰሜን፣ ከካሩራ ደን ጥግ ያለች ጸጥተኛ ሠፈር ናት። እ.ኤ.አ. በ1972 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት ናይሮቢ እንዲሆን ተወሰነ፤ ሰፊው ግቢም እዚሁ ተሠራ። እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ የቦምብ ጥቃት በኋላ የአሜሪካ ኤምባሲ ከመሀል ከተማ ለቆ ወደዚህ መጣ፤ ሌሎችም ኤምባሲዎች ተከተሉ። ሞቃዲሾ አልረጋ ባለች ጊዜም የሶማሊያን ጉዳይ የያዙ ቢሮዎች ለዓመታት ሥራቸውን የሚሠሩት ከዚሁ ነበር። ዐረብኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ በአንድ የምሳ ሰልፍ ላይ የሚሰሙት ለዚህ ነው።

የቃሉ አባት ዐረብኛ ነው። በማምሉኮች ዘመን ካይሮ «ሻሽ» የሚባለው ቆብ ላይ የሚጠመጠመው ረጅም ስስ የጥጥ ጨርቅ ነበር። አንዳንዶች ስሙን ከታሽከንት ከተማ የጥንት ስም ጋር ያያይዙታል፤ ዐረቦች ያቺን ከተማ ሻሽ ይሏት ነበርና። ግምቱ ሩቅ አይደለም፤ ጨርቅ የአገር ስም ሲይዝ አዲስ ነገር የለውምና። ሙስሊን የሞሱል ልጅ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ወደ ዛንዚባር ይጎርፍ የነበረውን ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ስዋሂሊዎች «መሪካኒ» አሉት፤ እኛ አቡጀዴ የምንለው የዚያው ዘመድ ነው። ፈረንጆች «ጎዝ» የሚሉትንም ከጋዛ ከተማ ጋር የሚያዛምዱ አሉ። ሌሎች ደግሞ ጥሬ ሐር ማለት ከሆነው የዐረብኛ «ቀዝ» ነው ብለው ይከራከራሉ።

ሻሽን ሻሽ የሚያደርገው ክፍተቱ ነው። ሸማኔ ድሩን አራርቆ ወጥሮ ማጉን ሳያጠብቅ ከወረወረ፣ ጨርቁ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ አየር የሚያስገባና ውሃ ቶሎ የሚጠጣ ይሆናል። አደጋውም እዚያው ነው፤ ክሩ ይንሸራተትና አንድ ቦታ ተጠጋግቶ ሌላው ቦታ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ሁለት ሁለት ድር እየጠመዘዙ ማጉን መሀላቸው የሚያንቁበት ሌላ አሠራር አላቸው፤ ክፍተቱ ሳይዛነፍ የሚቆየው በዚያ ነው። የዳካ ሸማኔዎች ግን ሁሉን በእጅ አድርሰውት ነበር። ከጨርቆቻቸው አንዱን «የምሽት ጤዛ»፣ ሌላውን «የተሸመነ አየር» ይሉት ነበር። ሳር ላይ ቢዘረጋ አይታይም የሚባልለት «የምሽት ጤዛ» ነው፤ ሻጭ እንዲህ ሲል ማጋነን ልማዱ ቢሆንም፣ የቀሩትን ናሙናዎች ያየ ሰው ብዙም አይፈርድበትም።

እኛ አገር ሻሽ ከውጭ የመጣ ዕቃ ነበር፤ ከህንድ ተጭኖ በምጽዋና በዘይላ በኩል ይገባ ነበር። ስስ ጨርቅ ግን አልጎደለንም። ነጠላ አለ፤ ስሙ ነጠላ ይሁን እንጂ ሁለት እጥፍ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ያሞቃል፣ ነጠላ ግን ሳሳ ብሎ ይፈስሳል። ነጠላ ደግሞ እንደ አለባበሱ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መስቀለኛ ይጣፋል፤ ሐዘን ሲሆን ይዘቀዘቅና ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ በትልቅ ሰው ፊት ይደገደጋል። ወገብም ባዶ አልነበረም፤ ሴቷ መቀነት አላት፣ ገንዘቧም የሚቋጠረው እዚያው ነው። እንግዳው ጨርቅ ትከሻውም ወገቡም ተይዞ ስላገኘው ራስ ላይ ወጣ፤ የእኔ ግምት ይኸው ነው። አማርኛ «ሻሽ»ን የጨርቅ ዓይነት ስም አድርጎ ተቀብሎ፣ ቀስ በቀስ የቦታ ስም አደረገው። ዛሬ ሐርም ይሁን ናይለን፣ አበባ የታተመበትም ይሁን ጥቁር፣ ሴት ራሷ ላይ እስካሰረችው ድረስ ሻሽ ነው።

የዳግማዊ ምኒልክን ፎቶግራፎች ልብ ብሎ ያየ ሰው ነጩን ጨርቅ አይስተውም። ግንባራቸው ላይ ጥብቅ ብሎ ዞሮ ከኋላ የተቋጠረ ሻሽ ነው፤ ክፈፈ ሰፊው ጥቁር ባርኔጣ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ባርኔጣው የአውሮፓ፣ ሻሹ የህንድ፣ ካባው የአገር ቤት። በቤተ ክርስቲያን ካህኑና ደብተራው የሚጠመጥሙት ከዚያው ከነጭ ስስ ጨርቅ ነው፤ እነሱ ላይ ሲሆን ግን ጥምጥም ይባላል፣ መነኩሴው ደግሞ ቆብ አለው። አንድ ጨርቅ ራስ ላይ እንኳን እንደ ባለቤቱ ማዕረግ ስሙን ይለውጣል።

የሴቶቹ ሻሽ አስተሳሰር ሲታይ ቀላል ይመስላል። አራት ማዕዘኑ ጨርቅ በሰያፍ ይታጠፋል። የታጠፈው ጠርዝ ግንባር ላይ፣ ከፀጉሩ መነሻ ዝቅ ብሎ ይያዛል፤ ሁለቱ ጫፎች ከጆሮ በላይ አልፈው ማጅራት ላይ ይቋጠራሉ፤ ከኋላ የተንጠለጠለው ሦስተኛው ጫፍ ተጎትቶ ቋጠሮው ሥር ይሸጎጣል። እናቶቻችን ይህን ያለ መስተዋት፣ ወሬ ሳያቋርጡ ይጨርሱታል። ጥጡ ሸካራ ስለሆነ ፀጉሩን ይዞ አይንሸራተትም፤ ስስ ስለሆነ ቋጠሮው ትንሽ ነው፤ አየር ስለሚያሳልፍ ጭስ ቤት ውስጥ አያፍንም። ራሷን ያመማት ጠበቅ አድርጋ ታስረዋለች፤ አራሷ ብርድ እንዳይመታት ትሸፈንበታለች፤ ሐዘንተኛዋ ጥቁሩን ዓመት ሙሉ አታወልቅም። ያረጀውም አይጣልም፣ ጠጅ ይጠለልበታል፣ ከተነጠረው ቅቤ ላይ ቅመሙ ይጠለልበታል።

ኦሮምኛው «ሻሺ» ይለዋል። ሶማሌዎች ዘንድ ግን ነገሩ ከልብስ አልፎ ሥርዓት ሆኗል፤ «ሻሽ ሳር» የሚሉት ከሠርግ በኋላ የሚደረግ የሴቶች ድግስ ነው። ሴቶች ተሰብስበው እያዜሙ ሙሽራይቱ ራስ ላይ ሻሽ ይደርባሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያገባች ሴት መሆኗ ገና ከሩቅ ይታወቃል። ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ ለዚሁ ሲባል ሻሽ በየቀለሙ ተደርድሮ ይሸጣል። በእኛም አገር የድሮዋ ሳዱላ ራሷን ገልጣ ስትሄድ ባለትዳሯ ትሸፍን ነበር፤ እኛ ግን ስም ሰጥተን ድግስ አልደገስንለትም።

የሙሽራ ነገር ከተነሣ ቬሎን ማለፍ ይከብዳል። ጣልያንኛው «ቬሎ» ፊት ላይ የሚጣለው ስስ መረብ ብቻ ነው። አማርኛ ቃሉን ተቀብሎ ከራስ እስከ እግር ላለው ነጭ ቀሚስ ሁሉ ሰጠው። በሻሽ ጨርቁን ለራስ አጠበብን፣ በቬሎ የራሱን ለመላ አካል አሰፋን።

እንግሊዞች የሄዱት በሌላ መንገድ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወደ ምሥራቅ የተጓዙት ጸሐፊዎቻቸው የጥምጥሙን ጨርቅ «ሻሽ» ብለው መዘገቡት። መቶ ዓመት ያህል ሲያልፍ ጥምጥም የማያውቀው አገራቸው ጨርቁን ከራስ አውርዶ ለወገብና ለትከሻ ሰጠው፤ ድምፁም «ሳሽ» ሆነ። በእንግሊዝ ጦር ወግ ሳጅኖች በሰልፍ ቀን በደረታቸው ላይ የሚያግድሙት ቀይ ጨርቅ ይኸው ነው፤ ቁንጅና ተወዳዳሪዋም ያገርዋን ስም ጽፋ ታጠልቀዋለች። እዚህ ናይሮቢ በምረቃ ሰሞን ስም የተጻፈባቸው ሳሾች መንገድ ላይ ይታያሉ። ሳቲን ናቸው፤ ክፍተት የሚባል የላቸውም። የመስኮቱ «ሳሽ» ግን ዘመድ አይደለም፣ እሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው።

ወደ ቁስል የሚወስደው መንገድ ከሁሉ የከበደው ነው። ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ከመመርቀዝ ማዳን እንደሚቻል ጽፎ፣ በኋላ አሲዱን ስስ ጨርቅ ውስጥ አስርጎ መጠቀም ጀመረ። ከዚያ በፊት ሐኪም ቤት የሚጠቀሙበት ከአሮጌ ጨርቅ የተፋቀ ብናኝ ነበር። ስሱ ጨርቅ ደሙን ይጠጣል፣ መድኃኒቱን ይይዛል፣ ቁስሉንም አያፍንም። የዛሬው ዐረብኛ ሻሽ ሲል በዋናነት ይህን ነው የሚለው። እኛ ግን ለዚህም ሌላ ቃል ተዋስን፤ ጥቅሉ ከጣልያን «ፋሻ» ሆነ፣ ቁራጩን ነርሶቹ «ጎዝ» ይሉታል። ራስ ላይ የወጣ ቃል ወደ ቁስል መመለስ ሳይከብደው አልቀረም።

ጨርቁ ግን ቀድሞ ደርሶ ነበር። ከ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል በኋላ ቁስለኛ ሊያክም የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ላይ የዘመናዊ ሕክምና መሠረት ጣለ፤ ከዚያ የተነሣው ሆስፒታል ዛሬም በባለ ሻሹ ንጉሥ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1935 የጣልያን ወረራ ሲቃረብ የአዲስ አበባ ሴቶች ተሰብስበው ፋሻና የጋዝ መከላከያ ጭንብል ይሰፉ ነበር። ከመሪዎቹ አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ በስደት ለንደን ሳሉ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ።

የቀዶ ሕክምና ጎዝን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ከነጩ ክር መሀል አንድ ሰማያዊ መስመር ያገኛል። ጌጥ አይደለም፤ በራጅ እንዲታይ ባሪየም የገባበት ክር ነው። ደም የጠጣ ጎዝ ከሥጋ አይለይም፤ ሐኪሙ ሰፍቶ ከመዝጋቱ በፊት ነርሷ የገባውንና የወጣውን ትቆጥራለች። ቁጥሩ ካልገጠመ ስፌት የለም፤ ራጅ ይነሣል፣ ያ ሰማያዊ ክር ይፈለጋል።

ስስ ጨርቅ ሌላም ጠባይ አለው። መድረክ ላይ ወጥረው ከፊት ቢያበሩበት እንደ ግድግዳ ይሆናል፤ የፊቱን መብራት አጥፍተው ከኋላው ቢያበሩ ወለል ብሎ የኋላው ይታያል። የቴአትር ሰዎች መንፈስና ሕልም የሚያሳዩት በዚህ ዘዴ ነው። ዐረብኛም ከዚሁ ከጨርቁ ስም «ሻሻ»ን አውጥቶ ፊልም ለሚታይበት ነጭ ሸራ ሰጠው። ሲኒማ «ትልቁ ሻሻ» ሆነ፣ ቴሌቪዥን «ትንሹ»፤ ዛሬ የስልክ መስታወትም ሻሻ ነው። ስዋሂሊ ስስነቱን ብቻ ወስዶ ወደ ወረቀት ዞረ፤ «ካራታሲ ያ ሻሺ» መጸዳጃ ቤት የሚሰቀለው ጥቅል ነው። ጥምጥም ያከበረው ጨርቅ እዚህ መውረዱ ያስቃል፤ ቢሆንም የስዋሂሊ ተናጋሪ ጥፋት አላደረገም፣ ስስና ለስላሳ ነገር አይቶ ስሙን ሰጠ።

ዛሬ መርካቶም ሆነ ኢስሊ ከሚሸጠው ሻሽ አብዛኛው ጥጥ አይደለም። ፖሊስተር ይረክሳል፣ ቀለም አይለቅም፣ ካውያም ብዙ አይጠይቅም፤ የሴቶቹ ምርጫ ይገባኛል። ግን ፕላስቲክ ነው፤ በታጠበ ቁጥር በዓይን የማይታይ ክር ከውሃው ጋር ይሄዳል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ጉባኤ የፕላስቲክ ብክለትን የሚገታ አስገዳጅ ስምምነት እንዲዘጋጅ የወሰነው እዚሁ ጊጊሪ ነው፤ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የዐድዋ በዓል ሆኖ ተገጣጠመ። ድርድሩ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 እዚያው ግቢ ተመልሶ ቀጥሏል። በአዳራሹ ስለ ጠርሙስና ስለ ፌስታል ብዙ ይባላል፣ ስለ ልብስ ግን የሚባለው ከዚያ ያነሰ ነው።

የጥጥ ሻሽ የምትፈልግ ሴት የምታውቀው የቆየ ዘዴ አለ። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛ ክብሪት ትለኩስበታለች። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ሲነኩት ብን የሚል አመድ ይተዋል። ፖሊስተሩ ግን ይኮማተርና ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጣት ላይ የሚጎረብጥ ጥቁር ጠጣር ጠብታ ይሆናል። ባለ ሱቁ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ብሎ እየማለ ክሩን መምዘዝ ከከለከለ፣ ዋጋ መከራከሩን ትቶ ወደ ቀጣዩ ሱቅ መሄድ ነው።